አሞናይት ነው ወይስ ቀንድ አውጣ? የጥንት ባህር ፎሲሎችን እንዴት እንለያለን፣ እናወጣለን፣ እናቆያለን

ጥቅልል ያለች ድንጋይ እጃችሁ ስትገባ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ መዶሻ ማንሳት ነው፣ ወይ ደግሞ አቼቶ ውስጥ ነክሮ ማጽዳት። ሁለቱንም ለጊዜው ተዉት። የአሞናይትና የዘመዶቹ ፎሲል (ድንጋይ ሆኖ የቀረ የጥንት እንስሳ ቅሪት) ላይ ትልቁን መረጃ የሚሰጣችሁ ላዩ ላይ ያለች ቀጭን መስመር ናት፣ እሷ ደግሞ አንዴ በአሲድ ከታጠበች ወይ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀች አለቀላት። ስለዚ መጀመሪያ ማየት፣ ከዛ መጻፍ፣ መንካት በመጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው።

በአጭሩ ስለምን እንደምናወራ ልንገራችሁ። ሴፋሎፖድ የሚባሉት ዛሬ ላይ እነ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ፣ ካትልፊሽና ናውቲለስ ናቸው። ድሮ የነበሩት ዘመዶቻቸው ውስጥ በፎሲል በብዛት የምታገኟቸው ሦስት ናቸው፦ አሞናይቶች (ሰፋ ሲል አሞኖይድ ይባላሉ፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምረው የዛሬ 66 ሚሊዮን ዓመት ዳይኖሰሮቹ ሲጠፉ አብረው የጠፉት)፣ ናውቲሎይዶች (ከነሱም በፊት የነበሩ፣ ናውቲለስ ዛሬም ድረስ ስላለ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም) እና ቤለምናይቶች፣ እነዚህ ደግሞ ስኩዊድ መሳይ ሆነው ጠንካራው አካላቸው ውስጣቸው የነበረ። ሁሉም የባህር እንስሳት ናቸው፣ በወንዝና በሀይቅ ውሃ ውስጥ በተሰራ ድንጋይ ውስጥ አትፈልጓቸው።

ቀንድ አውጣ አለመሆኑን ማረጋገጥ

ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ከጎን እዩት። ቀንድ አውጣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ጎን እየሾለ ነው የሚጠመዘዘው፣ አሞናይት ግን ባብዛኛው እዛው ባለበት ዙሪያውን ይጠቀለልና ግራና ቀኙ አንድ አይነት ይሆናል። ይሄ ብቻውን ግን አያስተማምንም ምክንያቱም ጠፍጣፋ ሆነው የሚጠቀለሉ ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ በተቃራኒው ደግሞ በክሬቴሺየስ ዘመን (ከ145 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት) ደንቡን የጣሱ አሞናይቶች መጥተዋል፣ ቱሪላይትስ የሚባለው ቁጭ የቀንድ አውጣ አጠማዘዝ አለው፣ ጃፓን ውስጥ የሚገኘው ኒፖናይትስማ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ ውልቅልቁ የወጣ ነገር ነው፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ያቤ የሚባል ጃፓናዊ ሳይንቲስት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስተዋውቀው በሽታ ያጣመመው እንስሳ ነው የሚል ሁሉ ነበር፣ ተመሳሳዮቹ እየተገኙ ሲመጡ ነው ተፈጥሮው እንደሆነ የታመነው።

ስለዚ ወሳኙ ቅርጹ ሳይሆን ውስጡ ነው። የሴፋሎፖድ ዛጎል በግድግዳ በግድግዳ እየተከፈለ የተሰራ ክፍሎች ያሉት ነው፣ እነዚህን ክፍሎች ከዳር እስከ ዳር የሚያገናኝ ሳይፈንክል የሚባል ቀጭን ቱቦም አለው፣ እንስሳው በዚህ ቱቦ አማካኝነት ከክፍሎቹ ውሃ እያወጣ በጋዝ ይተካና ሳይሰምጥ ይንሳፈፋል። ክፍሎችም ቱቦም ያለው ዛጎል ካያችሁ ሴፋሎፖድ ነው፣ ቀንድ አውጣ ይሄ ቱቦ የለውም። የተሰበረ ወይ የተቆረጠ ፎሲል ከሆነ ቱቦው የት ጋ እንዳለ ፈልጉ፦ በውጨኛው ጠርዝ በኩል የሚሄድ ከሆነ አሞናይት የመሆን እድሉ በጣም ከፍተኛ ነው፣ ግድግዳዎቹን መሀል ላይ በስቶ የሚያልፍ ከሆነ ናውቲሎይድን አስቡ። (ክሊሜኒያ የሚባሉ፣ ከ419 እስከ 359 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው በዴቮኒያን ዘመን የነበሩ አሞኖይዶች ቱቧቸው በውስጠኛው በኩል ነው፣ ሁሌም የሚያበላሽ አይጠፋም።)

መስመሯን ማንበብ

አሁን ወደዛች መስመር እንምጣ። ግድግዳው ከዛጎሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚፈጠረው መስመር ሱቸር ወይም የስፌት መስመር ይባላል። ናውቲሎይድ ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ወይ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ በቃ። አሞኖይድ ላይ ግን ግድግዳው ጠርዙ ጋ ሲደርስ ስለሚጨማደድ መስመሩም ይታጠፋል፣ አስተጣጠፉ ደግሞ ከዘመን ዘመን እየተወሳሰበ ነው የሄደው፣ ለዛ ነው ያለምንም መሳሪያ የፎሲሉን እድሜ በግርድፉ መገመት የሚቻለው።

ሦስት አይነት እንዳለ ያዙ። መስመሩ ንጹህ ዚግዛግ ከሆነ፣ ማለቴ ወደላይና ወደታች ብቻ እየታጠፈ ተጨማሪ ጥርስ ከሌለው፣ ጎኒያታይት ይባላል፣ ባብዛኛው ከዴቮኒያን እስከ ፐርሚያን ባለው ጊዜ የነበሩት ናቸው፣ ያም ማለት ከ252 ሚሊዮን ዓመት በላይ። ወደ ኋላ የሚሄደው እጥፋት ትናንሽ ጥርሶች ኖረውት ወደ ዛጎሉ አፍ በኩል የሚሄደው ግን ለስላሳ ከሆነ ሴራታይት ነው፣ በዋናነት የትራያሲክ፣ ከ252 እስከ 201 ሚሊዮን ዓመት። ሁሉም እጥፋት በሁሉም አቅጣጫ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ቅርንጫፉም ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ ለመከተል እስኪያስቸግር ከተወሳሰበ ደግሞ አሞናይታዊ የሚባለው ነው፣ ባብዛኛው የጁራሲክና የክሬቴሺየስ፣ ከ201 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት። ልብ በሉ "ባብዛኛው" እያልኩ ነው፣ ክሬቴሺየስ ውስጥ ወደ ቀላል መስመር የተመለሱ አሉ፣ ስለዚ መስመሩን ከድንጋዩ ጋር አብራችሁ ነው የምትፈርዱት።

እንዴት ይታያል? ፎሲሉን በውሃ አርጥቡት፣ ክፍሉን ትንሽ አጨልሙና የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ከጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት፣ ከላይ አይደለም፣ ከላይ ከበራ ጥላ ስለማይኖር ሁሉም ነገር ልሙጥ ይመስላል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ካለ ሌንሱን አይናችሁ ጋ አስጠግታችሁ ድንጋዩን ወደ ሌንሱ አምጡት፣ ሰው ሌንሱን ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ከሩቅ ሲያይ ነው "ምንም አይታይም" የሚለው።

አሁንም ካልታየ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንዱ ዛጎሉ ገና አልተላጠም። መስመሩ የሚታየው ዛጎሉ ሟሙቶ ወይ ተልጦ ውስጡን የሞላው ደለል ወይ ማዕድን ብቻ ሲቀር ነው፣ አብዛኞቹ ፎሲሎች ደግሞ እንደዛ ናቸው ምክንያቱም የአሞናይት ዛጎል የተሰራው አራጎናይት ከሚባል ማዕድን ነው፣ አራጎናይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ወይ ይሟሟል ወይ ወደ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) ይቀየራል። ዛጎሉ ካለ ግን እንኳን ደስ ያላችሁ፣ መስመሩን ለማየት ብላችሁ እንዳትልጡት! ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የምታዩት ክፍል እንስሳው ራሱ የሚኖርበት የመጨረሻው ትልቁ ክፍል ነው፣ እዛ ውስጥ ግድግዳ ስለሌለ መስመርም የለም፣ ይሄ ክፍል እንደየዝርያው ከግማሽ ዙር እስከ አንድ ሙሉ ዙርና ከዛ በላይ ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጠኛው ዙር ግቡና እዛ ፈልጉ። አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ፣ መጨረሻዎቹ መስመሮች በጣም ከተጠጋጉ እንስሳው እድገቱን የጨረሰ አዋቂ ነበር ማለት ነው።

ቀጥ ያሉት ዘመዶች

ጥይት የሚመስል ሹል ድንጋይ ካገኛችሁ ቤለምናይት ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የተሰበረው ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ከመሀል ወደ ዳር በሁሉም አቅጣጫ የሚሄዱ የካልሳይት ክሮች ይታያሉ፣ ክፍል ምናምን የለም፣ ድፍን ነው። ክፍሎቹ የነበሩት ከወፍራሙ ጫፍ በኩል ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እሱ ሾጣጣ ክፍል ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ይጠፋል። ይሄ ድፍን ካልሳይት በደንብ ስለሚቆይ ሳይንቲስቶች የጥንት ባህር ስንት ዲግሪ እንደነበር ለማወቅ ተጠቅመውበታል፣ ዩሬይ የሚባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ላይ ከደቡብ ካሮላይና ፒዲ ከሚባለው የድንጋይ ንጣፍ የተወሰደ ቤለምናይት ነበር፣ ከዛ በኋላ ለረጅም ጊዜ የዓለም የካርበን አይሶቶፕ (ክብደታቸው የተለያየ የካርበን አተሞች) መለኪያ ሁሉ በሱ ነው የተሰላው።

ቀጥ ብሎ ረጅም ሆኖ ክፍሎች ያሉት ከሆነ ግን ቤለምናይት አይደለም፣ ወይ ቀጥ ያለ ናውቲሎይድ ነው (መስመሩ ቀላል) ወይ ባኩላይትስ የሚባለው የክሬቴሺየስ አሞናይት ነው (መስመሩ የተወሳሰበ)። እዚ ጋ ያቺ መስመር ብቻዋን ትፈርዳለች። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነጭ ሆነው ተወልውለው የሚሸጡት የሞሮኮዎቹ "ኦርቶሴራስ" ይባላሉ፣ ትክክለኛው ኦርቶሴራስ ግን የባልቲክ አካባቢ የኦርዶቪሺያን (ከዴቮኒያን በፊት የነበረ ዘመን) ፎሲል ነው፣ የሞሮኮዎቹ የገበያ ስማቸው ነው እንጂ።

የት ይፈለጋል

የባህር ደለል ድንጋይ ያስፈልጋል፦ የኖራ ድንጋይ፣ ሼል (በስስ ንብርብር የሚላጥ የጭቃ ድንጋይ)፣ የሸክላ አፈር። እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን የጂኦሎጂ ካርታ እዩ፣ እድሜው ከዴቮኒያን እስከ ክሬቴሺየስ የሆነ የባህር ድንጋይ ካለ እድል አለ። ሼል ውስጥ ክብ ወይ ሞላላ ሆነው የተቋጠሩ ጠንካራ ድንጋዮች ካያችሁ እነሱ ላይ አተኩሩ፣ ብዙ ጊዜ የሞተ እንስሳ ዙሪያ ነው ማዕድኑ የሚጠናከረው፣ ሼሉ ውስጥ ያሉት በክብደት ተጨፍልቀው ሲሳሱ ቋጠሮው ውስጥ ያለው ግን ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

የባህር ዳርቻ ገደል ከሆነ ቦታው ማዕበል ካለፈ በኋላና ባህሩ መጉደል ሲጀምር ነው የሚኬደው፣ ሲሞላ ገደልና ውሃ መሀል መያዝ አለ። ገደሉ ስር አትቁሙ። ላይም ሪጂስ በሚባለው የእንግሊዝ ከተማ አሞናይትና ቤለምናይት እየለቀመች የኖረችው ሜሪ አኒንግ (1799–1847 እ.ኤ.አ.) አካባቢውን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት ነበረች፣ በ1833 እ.ኤ.አ. ግን ገደሉ ተንዶ አብሯት የነበረውን ውሻዋን ገደለው፣ እሷ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ስለዚ ሄልሜት አድርጉ፣ ተራ ኮፍያ አይበቃም።

ህጉን ሳታጣሩ እንዳትለቅሙ። አንዳንድ ቦታ ወድቆ የተገኘውን ማንሳት ይፈቀዳል ገደሉን መቆፈር ግን ክልክል ነው፣ አንዳንድ ቦታ የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይበቃል፣ የካናዳዋ አልበርታ ላይ ደግሞ በፈቃድ ብታነሱት እንኳ ፎሲሉ የግዛቲቱ ንብረት ነው፣ እናንተ ጠባቂ ናችሁ፣ ያለ ወረቀት ከግዛቲቱ ማውጣት አይቻልም። ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ በቃ ፎቶ አንስታችሁ እለፉ።

ማውጣት

የአናጢ መዶሻ አትጠቀሙ፣ ብረቱ ለድንጋይ አልተሰራምና እየተፈናጠረ ይበራል። የጂኦሎጂ መዶሻና መሮ ይሻላል፣ መነጽር ደግሞ የግድ፣ መዶሻን በመዶሻ መምታት በጭራሽ።

ከመምታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ከስፋት ማሳያ ጋር (ማስመሪያ፣ ሳንቲም፣ እስክሪብቶ)። ቋጠሮ ድንጋይ ከሆነ አሞናይቱ ብዙ ጊዜ የሚተኛው ድንጋዩ በሰፋበት አቅጣጫ ነው፣ ስለዚ ሆዱ ላይ ሳይሆን ጠርዙን እያዞራችሁ ነው የምትመቱት፣ ቀስ ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን፣ ፎሲሉ ያለበት ቦታ ደካማ ስለሆነ ራሱ ይከፈታል። መሀሉን በሀይል ከመታችሁት ለሁለት ይከፈላል፣ ፎሲሉም ጭምር ማለት ነው። ሲከፈት ሁለቱንም ግማሽ ያዙ፣ አንደኛው ላይ ፎሲሉ አንደኛው ላይ አሻራው አለ፣ አሻራው ላይ አንዳንዴ የተሻለ ዝርዝር ይገኛል። ስብርባሪውንም ሰብስቡ። ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀውን እዛው ሜዳ ላይ ለማላቀቅ አትታገሉ፣ ድንጋዩን ትንሽ አስተርፋችሁ በጋዜጣ ጠቅልሉና ቤት ሄዳችሁ ተረጋግታችሁ ስሩት።

ከዛ ማስታወሻ። ይሄን ነገር ሰው ይሰለቸዋል፣ እኔ ግን ቦታው ያልተጻፈበት አሞናይት ከጌጥ አያልፍም ባይ ነኝ። አሞናይቶች ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየሩና ብዙ ባህር ላይ ስለተሰራጩ የጁራሲክ ድንጋይ በነሱ ነው እየተከፋፈለ እድሜው የሚነገረው፣ ኦፐል የሚባለው ጀርመናዊ ከ1856 እስከ 1858 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስራው ነው ይሄን አካሄድ ያጠናከረው፣ ብዙዎቹ ክፍሎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት ያነሰ ጊዜ ይሸፍናሉ። ለ170 ሚሊዮን ዓመት ድንጋይ ይሄ የሚገርም ጥራት ነው። ግን የሚሰራው ፎሲሉ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ከታወቀ ብቻ ነው። ስለዚ ቀኑን፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን፣ ንጣፉን (ከታች ስንተኛው፣ ቀለሙ፣ ከላይና ከታች ያለው ምን እንደሆነ) ጻፉ፣ ከንጣፉ የወጣ ነው ወይስ ወድቆ የተገኘ የሚለውንም ጭምር፣ እዛው እያላችሁ። ማታ እጽፋለሁ ያለ ሰው አይጽፍም።

ማጽዳት

መጀመሪያ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ንጹህ ውሃ። ከባህር ዳር የመጣ ከሆነ ጨው ስላለው ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን በየቀኑ ቀያይሩለት፣ ግን ቢጫ ብረታማ የሚያብለጨልጭ (ፓይራይት) ከሆነ አትዘፍዝፉ፣ ወደሱ እመጣለሁ። ሸክላ አፈር ውስጥ የተገኙ እንደ ሉል የሚያብረቀርቅ ዛጎላቸው ያለባቸው ደግሞ ሲደርቁ ይላጣሉና ውሃና ብሩሽ ብዙም አይወዱም።

አቼቶና ሌላ አሲድ በተመለከተ፣ ቪዲዮ ላይ አረፋ ሲያወጣ አይታችሁ ይሆናል። አረፋው ካልሳይቱ እየሟሟ ነው። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ፣ ፎሲሉም ካልሳይት ከሆነ አሲዱ ለይቶ አይበላም፣ መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ስሱ ነገር ነው፣ ማለትም ሱቸሯና የዛጎሉ ጌጥ። አሲድ የሚሰራው ፎሲሉ ወደ ሲሊካ (ኳርትዝ የተሰራበት ነገር) ሲቀየር ነው፣ ያን የሚያውቅ ሰው ሳያይላችሁ አትሞክሩት።

የተረፈውን ድንጋይ በሹል መርፌ ወይ በጥርስ ሀኪም መልቀሚያ ማንሳት ይቻላል፣ ጫፉን ከፎሲሉ ወደ ውጪ አድርጋችሁ፣ በሌንስ እያያችሁ፣ ትንሽ ትንሽ። አድካሚ ነው ግን ደስ ይላል። ስራው ከበዛ በአየር ግፊት የሚሰራ እስክሪብቶ መሳይ ትንሽ የድንጋይ መፈልፈያ አለ፣ ባለሙያዎቹ በሱ ነው የሚሰሩት፣ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ ግን ማስክና አየር መሳቢያ ሳይኖር አይሆንም። የተሰበረ ለማጣበቅና የሚፈረፍረውን ለማጠንከር ሙዚየሞች ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ ይጠቀማሉ፣ አሴቶን ውስጥ ይሟሟል፣ በኋላ ሀሳባችሁን ከቀየራችሁም በአሴቶን ይነሳል። ሱፐር ግሉ ቶሎ ይይዛል፣ ሲያስፈልግ ማንሳቱ ግን ፈተና ነው። አሴቶን ተቀጣጣይ ስለሆነ መስኮት ከፍታችሁ ከእሳት ራቁ። ቫርኒሽ አትቀቡ እባካችሁ።

ፓይራይት ለብቻው

ወርቅ የሚመስሉት አሞናይቶች ሲታዩ በጣም ያምራሉ፣ ችግራቸው ቆይቶ ነው የሚመጣው። ፓይራይት ከኦክስጅንና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ይበሰብሳል፣ ሰልፈሪክ አሲድና ነጭ ቢጫ ዱቄት ይፈጠራል፣ የሰልፈር ሽታ ይመጣል፣ ፎሲሉ ይሰነጠቃል፣ አሲዱ ሳጥኑንና የጻፋችሁትን ወረቀት ሳይቀር ይበላል። መከላከያው ደረቅ ማድረግ ነው፦ በንጹህ ውሃ ቶሎ አለቅልቆ ወዲያው በደንብ ማድረቅ፣ ከዛ በደንብ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች ይሁን፣ ዝቅ ቢል ይሻላል፣ ትንሽ እርጥበት መለኪያ ሳጥኑ ውስጥ ብታስገቡ አትቆጩም። በቫርኒሽ መሸፈን አያድነውም፣ እርጥበቱን ውስጡ ይዞ ይቀራል። ዱቄት ማውጣት የጀመረውን ከሌሎቹ ለዩት፣ በውሃ ማጠብ ያባብሰዋል፣ በደረቅ ብሩሽ አራግፉና የሙዚየም ሰው ጠይቁ።

ከገዛችሁ

መልቀም የማይቻልበት ቦታ ያለ ሰው ይገዛል፣ ችግር የለውም፣ ግን ገበያው ላይ የተሰራ ነገር ሞልቷል። ሙሉ በሙሉ የውሸት ከሆነው ይልቅ ግማሽ እውነት የሆነው ነው የሚያታልለው፣ እውነተኛ ስብርባሪ ተገጣጥሞ መሀሉ በሙጫና በድንጋይ ዱቄት ይሞላል። በሌንስ ስታዩት ድንጋዩ ላይ ትናንሽ ክብ የአየር ቀዳዳዎች ካሉ ሬዚን (የፕላስቲክ ሙጫ) ነው። ከኋላ ያለው ድንጋይና ከፊት ያለው ቀለሙ ከተለያየ፣ ወይ አንድ ሰሌዳ ላይ ያሉት ሁሉም ሙሉና ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ከሆነ ተጠራጠሩ። ሻጩ ከፈቀደ ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ የማይታይ ጥግ ላይ ጠረግ አድርጉ፣ ቀለም ከለቀቀ ተቀብቷል። ከማዳጋስካር የሚመጡት ለሁለት ተቆርጠው የተወለወሉት ባብዛኛው እውነተኛ ናቸው፣ እነሱ ላይ የምታዩት ሁለቱ ግማሾች ክፍል በክፍል መግጠማቸውን ነው፣ አንዳንዴ ከተለያየ ፎሲል የተጣመሩ አሉ።

ከአልበርታ የሚመጣው ቀስተ ደመና ቀለም ያለው አሞላይት፣ ፕላሰንቲሴራስ ከሚባለው አሞናይት ዛጎል የሚገኘው፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ከበረ ድንጋይ የታወቀ ነው፣ ብዙ ጊዜ በስሱ ተቆርጦ ከስሩ ሌላ ድንጋይ ተለጥፎለት ከላዩ በኳርትዝ ወይ በሌላ ግልጽ ነገር ተሸፍኖ ይሸጣል፣ ይሄ ማጭበርበር አይደለም ዛጎሉ ስስ ስለሆነ ነው፣ ግን ሻጩ ሊነግራችሁ ይገባል። ሙሉ አሞናይቱን ከገዛችሁ ከግዛቲቱ የወጣበትን የፈቃድ ወረቀት ጠይቁ፣ ዋናውን ባይሰጣችሁ እንኳ ቁጥሩን ጻፉና ከፎሲሉ መለያ ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ።